የአጓት ውሃ ዘንባባ

በጋሼ ጀማነህ መኪና ውስጥ አንድ ሕግ ነበር። ስልክ ሲደወል ዝም ይባላል። ሙዚቃው ይጠፋል፣ ወሬው ይቆማል፣ ሳል የያዘውም ሰው አፉን በጋቢው ወይም በጃኬቱ እጅጌ ያፍናል። እኔና ኸይሪያ በስደት ከምንኖርበት ከዌስተርቪል ሥራችን ወዳለበት ግሮቭፖርት የምንመላለሰው በሳቸው መኪና ነው። የምንነሳው ገና ሳይነጋ ነው። ሃይዌዩ ላይ ወጥተን መኪናው ፍጥነቱን ሲይዝ፣ ጋሼ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ ይሰኩና ኢትዮጵያ ላሉት ታላቅ እኅታቸው ለእትዬ ንግሥት ይደውላሉ። እዚያ ቀትር ነው።

"እታለም፣ እንዴት ዋልሽ?"

"ወንድምዓለም! ዋልክልኝ? ልጆቹስ አብረውህ ናቸው?"

ልጆቹ የተባልነው እኛ ነን። እኔ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ኸይሪያም ሁለት ልጅ ወልዳለች፤ ለእትዬ ንግሥት ግን ልጆች ነን።

"አለን እትዬ!" እንላለን ባንድ ድምፅ።

"ተባረኩ። ደህና አድርጋችሁ ልበሱ። ያ በረዶ አላለቀም እንዴ?"

"እትዬ፣ አሁን እኮ በጋ ነው" ትላለች ኸይሪያ።

"ይሁን፣ ልበሱ።"

ከዚያ እትዬ ንግሥት ጉሮሯቸውን ይጠራርጉና "በል እንሂድ" ይላሉ። እኛም ዝም እንላለን።

የሚሄዱት አጓት ውሃ ነው። አጓት ውሃ ሁለቱ የተወለዱበት መንደር ነው። ስሙን ያገኘው በክረምት እንደ አጓት ከሚነጣው ወንዙ ነው ይላሉ። መንደሩ አሁን የለም። ጋሼ ልጅ ሳሉ አጎታቸው ሊያስተምሯቸው ወደ ከተማ ወሰዷቸው። እሳቸው ለጥየቃ እንኳ ሳይመለሱ እናታቸው በወረርሽኝ ሞቱ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ወንዙ ታች ላይ ተገደበና ሐይቁ መንደሩን ከነማሳው፣ ከነመቃብሩ ዋጠው። ታቦቱ ወጣ፣ ሰው ወጣ፣ ሌላው ሁሉ እዚያው ቀረ። ፎቶግራፍ ያነሳ ሰው የለም። በዚያ ዘመን እዚያ አገር ማን ካሜራ ይዞ ይመጣል?

ስለዚህ በቃል ይሄዱበታል። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል።

"ከመሻገሪያው ወጣን" ይላሉ ጋሼ።

"እግርህን አራግፍ። በቀኝ ምን አለ?"

"ዋርካው።"

"ከዋርካው ሥር?"

"ጠፍጣፋው ድንጋይ። እንስራ የሚወርድበት።"

"ጎሽ። በግራስ?"

"የአባ ገብረኪዳን ቤት። ውሻው ታስሯል?"

"ታስሯል፣ እለፍ። አሁንም ትፈራዋለህ እንዴ፣ አንተ ሽማግሌ!"

እንዲህ እያሉ በእሾህ አጥሩ፣ በጌሾው ጓሮ፣ በዳገቱ አድርገው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይወጣሉ። አንዳንድ ቀን እትዬ ንግሥት ከዚህ በፊት ያላነሱትን ነገር ያስታውሳሉ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሰው ሲያርፍ የሚቀመጥባትን ጉቶ፣ ከጌሾው ጓሮ ማር የሰረቀውን ልጅ። ያን ቀን ጋሼ ሥራ ላይ ሲያፏጩ ይውላሉ።

ጋሼ ራሳቸው ከመንደሩ ይዘውት የወጡት ትዝታ ጥቂት ነው። ከያዙት ሁሉ አንዲቷን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቋት ነበር። አጎታቸው ይዘዋቸው ወንዙን ሲሻገሩ እናታቸው ከዋርካው ሥር ቆመው ነበር። ወንዙ ጨምሮ ስለነበር አልተከተሏቸውም። ጋሼ ማዶ ደርሰው ዞር ብለው አዩዋቸው። እናታቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ያኔ ነው። መልካቸውን አያስታውሱትም። ዛፉን፣ ከዛፉ ሥር የቆመችውን ሴት፣ እሱን ብቻ ነው የሚያስታውሱት።

"ንግሥት የሞተች ቀን አገሬም እናቴም አብረው ይሞታሉ" ብለውኛል አንድ ጊዜ። "እሷ በሕይወት እያለች ሁሉንም ልረከባት ነው የምሮጠው።"

ሥራችን መጽሐፍ መለየት ነው። መጋዘኑ ከየትምህርት ቤቱ፣ ከየቤቱ፣ ባለቤቱ ከሞተበት ሳሎን ሁሉ የተሰበሰበ አሮጌ መጽሐፍ ይመጣበታል። የጀርባውን ባርኮድ በስካነር እንመታለን። አረንጓዴ ካበራ ይሸጣል፤ ቀይ ካበራ ወደሚፈጨው ሳጥን ይጣላል። ባርኮድ ከመምጣቱ በፊት የታተመውን ግን ስካነሩ አያውቀውም፣ ዝም ይላል። እሱን ሰማያዊ ጋሪ ላይ እንከምራለን። አንዲት ሴትዮ መጥታ ታገላብጠውና ዋጋ ያለውን ትወስዳለች። የተገነጠለውን፣ ውሃ የነካውን ትተወዋለች፤ እሱም ይፈጫል። ከሚፈጨው ላይ የፈለገ ሰው ቢወስድ የሚቆጣው የለም።

ጋሼ ወደሚፈጨው ሳጥን የሚጥሉትን መጽሐፍ ሳይቀር የታጠፈ ጠርዙን አቅንተው፣ አቧራውን ጠርገው ነው የሚጥሉት።

"ጋሼ፣ ሊፈጭ እኮ ነው" ትላቸዋለች ኸይሪያ። "ገንዘው ነው እንዴ የሚቀብሩት?"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ። አፍ ይረሳል፣ የታተመ አይረሳም።"

ይህ የአጎታቸው ቃል ነው። ከመንደር ወጥተው ከተማ ሲገቡ መጀመሪያ የተማሩት ይህን ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ኖረዋል።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከጋሪው ሥር ጎንበስ ብለው ቆዩ። ሲነሱ ጋሪውን ተደግፈው ነበር። ደም ግፊታቸው ተነሳ ብዬ ሮጥኩ።

"አንብብልኝ" አሉኝ። "እኔ ያነበብኩት ልክ መሆኑን አላመንኩም።"

ሽፋኑ የተገነጠለ የድሮ የመንገደኛ መጽሐፍ ነው። መቶ ሃምሳ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። ፈረንጆቹ ሩቅ አገር ደርሰው ሲመለሱ የሚጽፉት ዓይነት። ገጹ ላይ በእንጨት ተቀርጾ የታተመ ሥዕል አለ፣ ጥቁርና ነጭ፣ መስመሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ። ወንዝ ይታያል። ከወንዙ ዳር አናቱ የጎነበሰ ረጅም ዘንባባ። ከዘንባባው ሥር ጦር የተደገፈ ሰው። ውሃ የሚጠጣ ውሻ። ከኋላ ሁለት ጫፍ ያለው ሹል ተራራ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ "የአጓት ውሃ መሻገሪያ፣ አቢሲኒያ" ይላል።

ሥዕሉ ያምራል። ባያምር ኖሮ የኋላው ሁሉ የሚመጣ አይመስለኝም።

ጋሼ ገጿን ከመጽሐፉ አውጥተው ደረታቸው ላይ አድርገው ዋሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ሄደው ጥሩ ፍሬም ገዙላትና ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሏት። እኛንም ጠሩን። ልጃቸው ሔራን እዚሁ የተወለደች የዩኒቨርስቲ ተማሪ ናት። አባቷ ስለ መንደራቸው ሲያወሩ ስልኳን ከመነካካት ቀና ብላ የማታውቅ ልጅ፣ ያን ቀን ሥዕሉ ፊት ቆመች።

"ዋው አባዬ። ኢት ኢዝ ሶ ፕሪቲ። እዚህ ነው ያደግከው?"

"እዚህ ነው" አሉ ጋሼ።

ሔራን ፎቶ አንስታ ስልኳ ስክሪን ላይ አደረገችው። አባቷ ከዚያ በፊት ከአገራቸው አንድም ነገር አውርሰዋት አያውቁም ነበር፤ አሁን በኪሷ ይዛው ትሄዳለች። ደስታቸውን አይቼ እኔም ደስ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሃይዌይ ከመግባታችን በፊት ደወሉ።

"እታለም፣ አገራችንን አገኘኋት! ተሥላለች፣ መጽሐፍ ላይ!"

እትዬ ንግሥት እልልታቸውን አቀለጡት። ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል፣ ቢላክላቸውም አያዩትም፤ ስለዚህ "ንገረኝ፣ አንድ በአንድ ንገረኝ" አሉ። ጋሼ ወንዙን ነገሯቸው። ውሻውን ነገሯቸው፣ ተሳሳቁ። ተራራውን ሲነግሯቸው "የቱ ተራራ ነው እሱ?" አሉ፤ ጋሼም ከሩቅ የሚታይ ይሆናል ብለው አለፉት። ከዚያ ዘንባባው ላይ ደረሱ።

"ምን?"

"ዘንባባ። ከወንዙ ዳር።"

"አጓት ውሃ ላይ ዘንባባ?" እትዬ ንግሥት ሳቁ። "ሰውዬው ሆሳዕና ዕለት ነው እንዴ የመጣው?"

እኛም ሳቅን። ጋሼም ሳቁ። ያን ጠዋት ነገሩ ሳቅ ብቻ ነበር።

ጋሼ ግን ማታ ማታ ሥዕሉ ፊት ይቀመጣሉ፤ ይህን ሔራን ናት የነገረችኝ። ቴሌቪዥኑን ይዘጉና ያዩታል። በበጋው መጨረሻ አካባቢ ይመስለኛል፣ በስልክ ጉዟቸው ላይ ንግግራቸው መቀየር ጀመረ። በመጀመሪያ ተራራው ገባ። ቀጥሎ ውሻው ከአባ ገብረኪዳን ደጅ ተፈቶ ወንዝ ወረደ። እትዬ ንግሥት ያርሟቸዋል፣ እሳቸውም "እሺ፣ እሺ" ይላሉ፤ በማግስቱ ግን ይደግሙታል።

"ከመሻገሪያው ወጣን" አሉ አንድ ጠዋት።

"በቀኝ?"

"ዘንባባው።"

እትዬ ንግሥት ያን ቀን አልሳቁም።

"አንተ ከየትኛው አገር ወንዝ ነው የወጣኸው? እኔ ያለሁት አጓት ውሃ ነው።"

"እታለም፣ ከዋርካው አጠገብ ዘንባባም ኖሮ ይሆናል እኮ። ዘንግተሽው ይሆናል።"

"ዘንግቼው? ስንት ዘመን ከዚያ ዛፍ ሥር እንስራ ያወረድኩ እኔ ዘንግቼው?"

"መጽሐፍ ነው እኮ። የታተመ ነው።"

"ፈረንጁ አንድ ቀን በቅሎውን ውሃ ሊያጠጣ አልፎ ይሆናል። እኔ ተወልጄበታለሁ። የሱን አምነህ የኔን ልታስተባብል ነው?"

ኸይሪያ ከኋላ ወንበር ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

"አላስተባበልኩሽም" አሉ ጋሼ። "ግን አየሽ፣ እማዬን ሳስባት አሁን የምትታየኝ ከዘንባባው ሥር ነው።"

"አንተ ጀማነህ!" እትዬ ንግሥት በስማቸው ሲጠሯቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር። "እናቴን ከማላውቀው ዛፍ ሥር አታቁምብኝ! ያን ቀን እጇን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ!"

"አንቺ ዓይንሽ አያይም፤ እኔ በዓይኔ እያየሁት ነው!"

የወጣ ቃል አይመለስም። እትዬ ንግሥት ስልኩን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ መሰካት ተዉ። እኛ ግን ልማድ ሆኖብን ሃይዌይ ስንገባ ዝም እንላለን። ኸይሪያ አንድ ቀን "ጋሼ፣ ታናሽ እርስዎ ነዎት፤ ይደውሉ እንጂ" አለቻቸው።

"እደውላለሁ። ደውዬስ ምን እላለሁ? አንቺ ልክ ነሽ እንዳልላት ሥዕሉ አለ። ሥዕሉ ልክ ነው እንዳልላት እሷ አለች።"

በጎረቤት በኩል ሰላምታ ይልኩ ነበር። ሰላምታም ይመጣ ነበር። ጉዞው ግን ቆመ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው ኸይሪያ ያገኘችው። ምሳ ሊደርስ ሲል ከመስመሯ ላይ ጮክ ብላ ጠራቻቸው።

"ጋሼ! ይምጡ! ዘንባባዎ እዚህም በቅሏል!"

ለቀልድ ነበር የጠራቻቸው፣ ልጅቷ ክፋት የላትም። ስንደርስ ግን ራሷም ቀልዱ ፊቷ ላይ ደርቆ ነበር። ሌላ የመንገደኛ መጽሐፍ ነው፣ በዚያው ማተሚያ ቤት የታተመ። ገጹ ላይ ያው ወንዝ አለ። ያው ዘንባባ አናቱ በዚያው ጎን ጎንብሷል። ያው ሰው ያንኑ ጦር ተደግፏል። ያው ውሻ ይጠጣል፣ ያው ተራራ ሁለት ጫፍ አለው። ከሥሩ ግን "በጃቫ ደሴት የሚገኝ የወንዝ መሻገሪያ" ይላል።

ጋሼ ጣታቸውን ከዘንባባው ሥር አሳረፉ። ከዚያ መጽሐፍ የሚደረደርበት የእንጨት ፓሌት ላይ ተቀመጡ።

"ስለዚህ ጃቫ ነዋ" አልኩ።

"ማን ያውቃል" አለች ኸይሪያ ቀስ ብላ። "የጃቫ ሰውም ቢያየው የኔ አይደለም ይል ይሆናል።"

ሔራን ሁለቱንም ሥዕሎች ለዩኒቨርስቲ አስተማሪዋ አሳይታ መጣች። እሑድ ዕለት እቤታቸው ተሰብስበን ነገረችን።

"አባዬ፣ አስክ አደረግኳት። መንገደኛው ሲመለስ ወረቀት ላይ ስኬች ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዴ ምንም አይዝም። ሥዕሉን የሚሠራው ሌላ ሰው ነው። ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንጨት የሚቀርጽ። ሂ ኔቨር ዌንት ኤኒዌር። አሳታሚው 'እዚህ ገጽ ላይ ሥዕል ያስፈልጋል' ሲለው ይቀርጻል። ሩቅ አገር ከሆነ ዘንባባ ያደርግበታል። ጊዜ ከሌለ ደግሞ አሮጌውን እንጨት አውጥተው ያትሙና ስሙን ብቻ ይቀይራሉ።"

"የሚያነበው ሰውስ?" አሉ ጋሼ።

"የሚያነበው ሰው ሄዶ አያይማ። ዛት ኢዝ ኦል ሂ ሃድ። አፍሪካ ማለት፣ ኤዥያ ማለት ለሱ ያ ሥዕል ነው። ለልጆቹም ያንኑ ነው የሚያሳያቸው።"

ይህን ብላ ስልኳን አየች። ስክሪኗ ላይ ዘንባባው አለ። ስልኩን በፊቱ ደፋችው።

"ዋሹኝ ማለት ነው" አሉ ጋሼ።

"አንተን አያውቁህም አባዬ። አንተ ታነበዋለህ ብለው አላሰቡም።"

ጋሼ ሲሸኙኝ እደጅ ድረስ ወጡ። ጃኬት አልለበሱም። "ደስ ሊለኝ ነበር የሚገባው" አሉኝ። "ንግሥት ልክ ነበረች፣ ተገላገልኩ። ግን ዓይኔን ስጨፍን ዋርካው እምቢ አለኝ። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ እናቴ አሁንም ዘንባባው ሥር ናት። ንግሥት ካልመለሰችልኝ እኔ ብቻዬን ልመልሰው አልችልም።"

በማግስቱ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ ሰኩት። ያነሱት የእትዬ ንግሥት ጎረቤት ናቸው። እትዬ ንግሥት ከታመሙ ሰንበትበት ብለዋል፣ ተኝተዋል፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ልያዝላቸው አሉ።

"ወንድምዓለም።" ድምፃቸው ቀጥኗል።

"እታለም! መታመምሽን ማን ነገረኝ! እታለም፣ ይቅር በይኝ። ልክ አንቺ ነሽ። ዘንባባ የለም። ሥዕሉ የሌላ አገር ነው፤ አረጋገጥኩ።"

"አይ" አሉ እትዬ ንግሥት። "ዘንባባማ አለ።"

ጋሼ መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"የለም እታለም። ተሳስቼ ነው።"

"አለ እንጂ። አንተ ስትጠፋብኝ እኔ ብቻዬን ስሄድ ከረምኩ። ከመሻገሪያው ስወጣ በቀኝ አየሁት። ረጅም ነው፣ አናቱ ጎንበስ ያለ፣ አይደል? እማዬ ተደግፋዋለች።"

"ዋርካውስ? ጠፍጣፋው ድንጋይስ? እንስራ የምታወርጂበት!"

"ዋርካ..." በጎናችን ከባድ መኪና እየጮኸ አለፈ። "ዋርካውማ ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነው መሰለኝ። እንጃ። ደከመኝ።"

"እንዳልቀየም ብለሽ ነው? ለኔ ብለሽ ከሆነ ንገሪኝ። እውነቱን ንገሪኝ እታለም፣ በእማዬ!"

"አንተ ካየኸው እኔም አየሁት፣ ወንድምዓለም። ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?"

ያን ጠዋት የግሮቭፖርትን መውጫ አልፈነው ሄድን። ማንም አላስታወሳቸውም። ስንዞር ነግቶ ነበር፤ ሥራ ዘግይተን ገባን።

እስካሁን አላውቀውም፣ እትዬ ንግሥት ያን ያሉት ወንድማቸውን ለማስደሰት ይሁን፣ ወይስ ዘንባባው እውነትም ዋርካውን ነቅሎባቸው። ጋሼም አላወቁም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ደውለዋል፤ እትዬ ንግሥት ግን ለጉዞ አቅም አልነበራቸውም። እሳቸው "አረፍ በል" ይሏቸው ነበር፣ ደካማው ማን እንደሆነ የተምታታባቸው ይመስል።

የእትዬ ንግሥት መርዶ የተነገረው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ከአገር ቤት ለጋሼ ባለቤት ተደውሎ፣ እሳቸው ለእኛ ነገሩን፤ ሽማግሌዎች አስቀድመን ሄድን። ጋሼ በሩን ከፍተው ኸይሪያን ጥቁር ሻሽ አስራ ሲያዩዋት ገባቸው። ወደ ውስጥ ዞሩና መሬት ላይ ተቀመጡ።

"እታለም! እንግዲህ ማን ያሻግረኛል!"

ያንኑ ደጋገሙት።

ሳሎኑ ለቀናት ሰው አልተለየውም። ሥዕሉ እዚያው ግድግዳ ላይ ነበር፤ ለምን እንዳላወረዱት አልጠየቅኳቸውም። የሚገባው ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ዓይኑ እሱ ላይ ያርፋል።

"የሟች አገር ነው? ሲያምር! ገነት አይደለም እንዴ!"

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ "አይደለም፣ የሰው አገር ነው" ብለው ይመልሱ ነበር። ሰው ግራ ይገባዋል። በኋላ ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቁ ጀመር። በመጨረሻው ቀን አንዲት ሴት ስትጠይቃቸው "አዎ" ሲሉ ሰማሁ። "አገሯ ነው።"

ሥራ የተመለሱ ጠዋት ውጭው ጥቁር ነበር፣ መስታወቱ በአመዳይ ተሸፍኗል። ሃይዌይ ስንገባ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ ሰኩት። እኛም ዝም አልን። አልደወሉም።

"እናንተ ሰምታችኋል" አሉ ድንገት።

"ምኑን ጋሼ?" አለች ኸይሪያ።

"ሥዕሉ ሳይመጣ በፊት። ስንት ጊዜ አብራችሁን ሄዳችኋል። ንግሥት የተናገረችው እናንተ ጆሮ ውስጥ ሳይበላሽ ይኖራል። በሉ፣ ውሰዱኝ።"

ኸይሪያና እኔ ተያየን። ከዚያ እሷ ጀመረች፤ እንደ እትዬ ንግሥት ጉሮሮዋን ጠራርጋ።

"ከመሻገሪያው ወጣን። እግርዎን ያራግፉ።"

"አራገፍኩ።"

"በቀኝ ዋርካው።"

ጋሼ ትንፋሻቸውን በረጅሙ ለቀቁት። "ዋርካው" አሉ። "እሺ። እንዴት ያለ ነው?"

"ትልቅ ነው። ሥሩ ከመሬት ወጥቶ እንደ መደብ ሰው ይቀመጥበታል። ጥላው እስከ ማዶ..."

"ይሄን ንግሥት ብላለች?"

ኸይሪያ አመነታች። "አላሉም። ከሚሴ ያለው የአክስቴ ዋርካ ነው መሰለኝ። ሲያወሩ እኔ የሚታየኝ እሱ ነበር።"

"ተይው እሱን። ያለችውን ብቻ።"

"ከዋርካው ሥር ጠፍጣፋው ድንጋይ" አልኩ እኔ። ይህን እርግጠኛ ነበርኩ። ሆኖም ድንጋዩን ስጠራው የታየኝ የእናቴ ቤት ደጃፍ ላይ የነበረው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ነው። ሌላ ድንጋይ ከየት አመጣለሁ? አልተናገርኩም።

"እንስራ የሚወርድበት" አሉ ጋሼ።

"እንስራ የሚወርድበት።"

"ከድንጋዩ አጠገብስ? ማን ቆሟል?"

"እናትዎ" አለች ኸይሪያ።

የፊት መስታወቱ ላይ የአመዳዩ ቅሪት እየቀለጠ ይወርዳል። ጋሼ መጥረጊያውን አላበሩም።

"ምን ለብሳለች?"

እትዬ ንግሥት ነግረውን አያውቁም። የእናታቸውን እጅ ይዘው ቆመው ነበር፤ ያውቁ ነበር፤ ግን አልጠየቅናቸውም፣ እሳቸውም አላነሱትም።

"ነጭ ይሆናላ ጋሼ" አለች ኸይሪያ፤ ድምፅዋ የልቅሶ ነበር። "ልጅ ልትሸኝ የወጣች እናት ነጭ ነው የምትለብሰው።"

ጋሼ ነጩን ለመቀበል ምን ያህል እንደፈለጉ ከጎን አየሁት።

"አይ ኸይርዬ" አሉ። "አትጨምሪ።"

ፍሬቻውን አበሩ። የግሮቭፖርት መውጫ ደርሷል።

"በግራስ?" አሉ።